ወላጅ ይቅረብ

ወይዘሮ ትርፌ እንደዚያ ቀን ደንግጠው አያውቁም። «ወላጅ ሳይመጣ ክፍል መግባት የለም» ተብሏል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጃቸውን የኤፍራታን ክንድ ጨብጠው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገሰግሱ፣ መንገዱን ሙሉ ያንን ጌም ይረግሙት ነበር።

«ይኼን መዘዝ ስልክ ላይ ማን ጫኚ አለሽ? ጌም ሰው ያደነዝዛል!»

«የፊደል ጌም እኮ ነው፣ እማዬ» አለች ኤፍራታ ሳቋን አፍና። «ፊደሉ ከላይ ሲወርድ ስሙን ጠርቶ መቅለብ ነው።»

«ዝም በይ! ከትምህርት መባረር ቢመጣስ?»

መምህር ደስታው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ጎልማሶችን ስለሚያስተምሩ ቅጣታቸው ለሁሉም አንድ ነው። ፊታቸውን ወደ ኤፍራታ አዞሩ።

«እናትሽ ‹ወላጆቼ በሕይወት የሉም› ስላሉኝ ነው አንቺን ያስጠራሁት። ዴስክ ሥር ጌም ሲጫወቱ ያዝኳቸው። ስልኩን ያምጡ ስላቸው፣ ‹ይቺን ደረጃ ልጨርስ› አሉኝ!»

ወይዘሮ ትርፌ አንገታቸውን ደፉ።

«ይኸው በሩ ላይ ተጽፏል» አሉ መምህሩ በጠመኔ እየጠቆሙ። «ምን ዋጋ አለው፣ ማን አንብቦት!»

«ስልክ ይዞ ክፍል መግባት ክልክል ነው» ሲሉ ወይዘሮ ትርፌ ጽሑፉን ባንድ ትንፋሽ አነበቡት።

ባለፈው ወር እኚሁ ሴት ‹ሰ›ን ከ‹ለ› አይለዩም ነበር። መምህሩ ጽሑፉን አዩ፣ እሳቸውን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አውጥተው ለኤፍራታ አቀበሏት።

«እስቲ ለእኔም ጫኚልኝ።»

ወይዘሮ ትርፌ ጠጋ አሉ።

«ይጠንቀቁ መምህር፣ ‹ጰ› ሲወርድ ይሮጣል።»