ስድስተኛው ሕክምና

ባለሙያዋ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከሽማግሌው ጆሮ ግንድ ላይ ስታሳርፍ ሚስትየው የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች።

«አይዞዎት እማማ፤ መርሳቱን የምናክመው በድምፅ ሞገድ ብቻ ነው። አይቆርጥም፣ አያቃጥልም።»

«ይኸው ይበቃዋል፣ ልጄ። የዛሬው ይቅርበት።»

«አባባ ትናንት የልጆቻቸውን ስም ጠርተው እንዴት እናቁም?» ባለሙያዋ ሳቀችና ስድስተኛውን ሕክምና ጀመረች።

ሽማግሌው ሚስቱ መሆኗን ከረሳ ሦስት ዓመቱ ነው። «እትዬ» ይላታል፤ ያጎረሰችውን ይበላል፤ እጇን ይዞ ይተኛል።

መሣሪያው ሲጠፋ ዓይኑን ገለጠና ትክ ብሎ አያት።

«ደብሪቱ» አለ።

ባለሙያዋ በደስታ አጨበጨበች። «አወቁዎት እኮ፣ እማማ።»

«ቀበቶዬን የት ደበቅሽው?» አላት ባሏ።

ሚስትየው ክንዷን አንስታ ፊቷን ከለለች።