ሦስት ደቂቃ የጎደለው ዘፈን

ናፊያ ሰው አትንቅም የሚል ካለ ናፊያን አያውቃትም። ልብስ ሰፊውን ትንቃለች፣ ጎረቤቷን ትንቃለች፣ የባጃጅ ሹፌሩንማ ከነባጃጁ ነው የምትንቀው። ከሁሉ አብልጣ ግን ረሂማን ትንቃለች። አላህ ሲያደርገው ደግሞ የረሂማ ልጅ ናስር የናፊያን አንድ ልጅ ሐሊማን ሊያገባ ነው። ልጅቷ «ከእሱ ሌላ ካላችሁኝ ሞቼ እገኛለሁ» ባትል ኖሮ ይህ ሠርግ በሕልምም አይታሰብም ነበር።

ሁለቱ ሴቶች የአንድ አፎቻ ናቸው፤ ለሠርግም ለሐዘንም አብረው ይወጣሉ። በሠርግ ዘፈን አውጪዎቹም እነሱው ናቸው። ናፊያ ድምፅ ነበራት፣ ያውም የከተማዋን ግንብ አልፎ የሚሰማ። አምና ጉሮሮዋን ታማ ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ግን ስታወራ ኮብልስቶን ላይ የሚጎተት ቆርቆሮ ትመስላለች።

በእነናፊያ ቤት ደግሞ እናት ልጇን የምትሸኘው በራሷ ድምፅ ነው። እናቷ እንዲያ ሸኝታታለች፤ አያቷም እናቷን። ሐሊማ በረሂማ ድምፅ ከቤት ከምትወጣ ናፊያ ጉሮሮዋን ዳግም ብትቆረጥ ይሻላታል።

ደግነቱ ከሕመሙ በፊት ከአፎቻው ሴቶች አንዷ ስልኳን በተቀመጡበት መደብ፣ በነደባው ላይ አድርጋ፣ ናፊያ ስታዜም ቀድታት ነበር። በሚሞሪ አድርጋ ሰጥታታለች። የቀረው ትንሿ ማጫወቻ ላይ አስጭኖ ከድምፅ ማጉያው ጋር መሰካት ብቻ ነው።

ብቻ!

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መሃል ሪድዋን የሚባል ልጅ ኮምፒውተር ዘርግቶ ዘፈን ይጭናል። የረሂማ የእህት ልጅ ነው፤ ናፊያ ለሱቁ ቅርበት ብላ እንጂ ለሙያው ብላ አልሄደችበትም።

«ተጭኗል፣ አዴ ናፊያ» አለ።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። የመጀመሪያው ስንኝ ሲመጣ ዓይኗ እንባ ሞላና ነቅላ ጣለችው። ከታመመች ወዲህ ከዚያ ስንኝ አልፋ ሰምታው አታውቅም፤ አትችልም። ቁጥር ማንበብ ግን ትችላለች። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል፤ ማጫወቻው ስድስት።

«ሦስቱ የት ገባ?»

«ኬብሉ ይሆናል። ከኮምፒውተሩ ወደ ማጫወቻው ሲሻገር አንዳንዴ ይቆረጣል።»

«የሚሻገረው ኤረር ወንዝን ነው እንዴ?»

አዲስ ኬብል ገዝታ መጣች። ስድስት። «ሚሞሪው ሞልቷል» አለ። ሌላውን ሁሉ አስጠፋችው። ስድስት።

«ማጫወቻው የቻይና ስለሆነ ረጅም ዘፈን አይወድም» አለ ሪድዋን፣ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ።

«አንተስ የየት አገር ነህ? ሥራ የማትወደው?»

ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሳቁ። ሪድዋን ጆሮው ቀላ።

«ወላሂ፣ አዴ ናፊያ፣ ይሄው ይበቃል። እስኪ ራስዎ ቤት ገብተው እስከ መጨረሻው ይስሙት።»

«ገመድ የሚሰካ ሁላ ዘፈን ሊያስተምረኝ! አንዲት ትንፋሽ ብትጎድል በሠርጉ ቀን ከነኮምፒውተርህ አደባባይ ነው የማወጣህ!»

በማግስቱ ስትመለስ ረሂማ ከሱቁ ስትወጣ አየቻት። በሻሿ አፏን ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ናፊያን ስታይ ፊቷን አዙራ በጠባቡ መንገድ ሹልክ አለች።

እየሳቀች! ናፊያ ደሟ ፈላ። ነገሩ ሁሉ ግልጽ አይደል? ይቺ ቀናተኛ የእህቷን ልጅ ይዛ ዘፈኑን አስቆርጣዋለች። ሠርጉ ላይ ከመሃል ሲቋረጥ እሷ ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትቀበል! በር ሲንጫረር የሚመስል ድምፅ ይዛ!

«አክስትህ ምን ፈልጋ ነው?» ብላ ሪድዋን ላይ አፈጠጠችበት።

«ምንም… ስለ ሠርጉ…»

«ሚሞሪዬን አምጣ።»

«አዴ ናፊያ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ለሌላ ሰው አይስጡት።»

«‹ይዤሃለሁ› ነው ያልከኝ? ደንግጠህ እኔን ከወንድ ቀላቀልከኝ?» ሚሞሪዋን ከእጁ መንጭቃ ወጣች።

ባጃጅ ይዛ ከግንቡ ውጭ ወደ አዲሱ ከተማ ወረደች። እዚያ ብሩክ የሚባል ልጅ የሞባይል ሱቅ አለው። አንድ ጆሮው ላይ የኳስ ጨዋታ ሰክቶ፣ ቀና ብሎም ሳያያት ኬብሉን ሰካ፣ አንዴ ጠቅ አደረገ፣ መለሰላት። ዘጠኝ ደቂቃ! ናፊያ በሕይወቷ ያልናቀችው የመጀመሪያው ሰው ብሩክ ሆነ።

በሠርጉ ቀን ቤቱ በአፎቻው ሴቶች ጢም አለ። ናፊያ ማጫወቻውን በገዛ እጇ ሰካች። ያ የድሮ ድምፅ ከነደባው እስከ ጣሪያው ሞላ። ሐሊማ አለቀሰች። አሮጊቶቹ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አሉ። ናፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛውን ስንኝ ሰማች፣ ሦስተኛውን፣ እስከ እልልታው ድረስ፤ እንባዋን አልጠረገችም።

እልልታው ገና ሳይበርድ ረሂማ ብድግ አለችና እጇን ወደ ማጫወቻው ዘረጋች። ናፊያ ስትጠብቃት ነበር። የእጇን አንጓ ለቀም አደረገቻት።

«ቁጭ በይ» አለቻት በቆርቆሮ ድምፅዋ፣ ፈገግ ብላ። «ገና ሦስት ደቂቃ አለው።»

«ናፊያ፣ እህቴ፣ ለልጆቹ ስትዪ…»

«ይጨረስ አልኩ!»

 ከማጉያው ከዘፈኑ በኋላ የተቀዳው የናፊያ ድምፅ፣ እንደዚያው እንደጠራ፣ ከሳቅ ጋር ወጣ፦ «ወሬ ሰማችሁ? ያቺ ረሂማ ሐሊማን ለልጄ ስጪኝ ብላ መጣች! ለዚያ ለልጇ እንኳን ልጄን፣ ድመቴንም አልሰጠው!»