የሰቆው ጀርባ

ከማኒላ የመጣው የማዕድን ባለሙያ ድንጋዩን በተሰበረ ሰቆ ጀርባ ላይ ሊፈገፍግ ሲያጎነብስ፣ መንደርተኛው ናናይ፣ እናታችን፣ የሚላት አሮጊቷ ናናይ ሉሪንግ እጇን የት እንደምታሳርፈው ጠፋት። ሰቆው ላይ የሚቀረው ጭረት ቡናማ ከወጣ ክሮም የሚባለው ውድ ማዕድን ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው የማዕድን ጉድጓድ ይከፈትና ጓሮዋን ከነቤቷ ይውጠዋል። ጥቁር ከወጣ ተራ ብረት ነው፤ ሰውየው መንገዱን ይቀጥላል። ለዚህ ነበር ከጓሮዋ የተቆፈረውን ናሙና፣ ሰው ሳያያት፣ ከወንዝ ባመጣችው የብረት ድንጋይ የለወጠችው።

«ቡናማ ሁንልኝ፣ የኔ ጌታ!» አለ ጎረቤቷ ኢሲንግ፣ ሥራ የተቀጠረ ይመስል እጅጌውን እየሰበሰበ።

«አንተ ደግሞ! አካፋ ባየህ ቁጥር ወገቤን ስትል አልነበር?» አለችው።

ጭረቱ ጥቁር ወጣ። ሥራ ይገኛል ብሎ የተሰበሰበው መንደርተኛ በቅሬታ እህ ብሎ ተነፈሰ። ባለሙያው ሰቆውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሊሄድ ሲል ከባሕሩ በኩል ነፋስ መጣና የናናይ ሉሪንግ ቆርቆሮ ጣሪያ አቃሰተ። ሰውየው ቀና አለ። ቆርቆሮውን አውሎ ነፋስ እንዳይገነጥለው ከዚያው ከተዘጋው ጉድጓድ የተለቀሙ ከባድ ጥቋቁር ድንጋዮች ከዳር እስከ ዳር ተጭነውበት ያብለጨልጩ ነበር።

«እነዚያንስ ከየት አመጧቸው፣ ናናይ?»

«እኔማ ምን አቅም አለኝ፣ ልጄ፤ አውሎ ነፋሱ ነው የጫነብኝ።»

ኢሲንግ ግን ድንጋዮቹን ሊያወርድ መሰላል ለማምጣት ሮጦ ነበር።