ሰነፎቹ

ሐምዳ የብረት መንጠቆዋን ይዛ ፊቷን ውኃ ውስጥ ትነክራለች። መነጽሩ ግንባሯን ጨምድዶ ይዟታል፤ የመተንፈሻው ቱቦ ጎማ ጎማ ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ኦክቶፐስ ስታድን የኖረችው ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቃ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ከላይ ቆማ ነው። ዛሬ ግን ባሕሩ በቅጡ አልሸሸም፤ ውኃው ደረቷ ይደርሳል። ስለዚህ የወንድሟ ልጅ ዐሊያ፣ ሴት ቱሪስቶችን የምታስዋኝበትን መነጽር አውሳታለች።

ዳር ላይ ሩዙ ተጥዷል። የሐምዳን ሴት ልጅ ለወንድ ልጇ ለጋብቻ ልትጠይቅ የመጣችው የሐምዳ የአጎት ልጅ ኡም ዐዋድ ከነዘመዶቿ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። "ኦክቶፐስ በሩዝ ካላበላኋችሁ ሐምዳ አትበሉኝ!" ብላ የፎከረችው ራሷ ሐምዳ ናት።

"ሐምዳ! እዚያው ተኛሽ እንዴ? ሩዙ አረረ እኮ!" ትጮኻለች ኡም ዐዋድ።

ሐምዳ ቱቦውን ከአፏ ታወጣለች። "ምራቅሽን ዋጥ አድርጊና ጠብቂ! አግኝቻታለሁ!"

እውነቷን ነው። የዛጎልና የሸርጣን ቅርፊት የተከመረበት ደጅ የኦክቶፐስ ቤት ነው፤ ይህን ከላይም ቆማ ትለየዋለች። ከላይ የማይታየው ሌላ ነው። ቅርፊቱ አሮጌ ነው፣ አረንጓዴ ለብሷል፤ እዚህ ቤት ከተበላ ሰንብቷል። በሩም በድንጋይ ተዘግቷል። አንዱን ድንጋይ በመንጠቆዋ ገለል ታደርገዋለች።

ኦክቶፐሷ ውስጥ ናት፤ ከስታለች፣ ቆዳዋ ገርጥቷል። ከበላይዋ፣ ከጣሪያው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ዕንቁላሎች እንደ ጨሌ በክር በክር ተንጠልጥለዋል። ውኃ እፍ ትልባቸዋለች። በክንዷ ጫፍ እያንዳንዱን ክር ትዳብሳለች። መንጠቆው ሲነካት ቀለም አትረጭም፣ አትሸሽም። አንድ ክንዷን ዘርግታ የተነሣውን ድንጋይ ፈልጋ ታገኘውና ወደ በሩ መጎተት ትጀምራለች።

አዳኞቹ ሴቶች በዚህ ወቅት የሚይዟቸውን ኦክቶፐሶች "ሰነፎቹ" ይሏቸዋል። ከሲታ ናቸው፣ አይታገሉም፣ በአንድ ስበት ይወጣሉ። "ይቺ ደግሞ ምን ያለችው ሰነፍ ናት!" እየተባለ ሲሳቅ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የሐምዳ ሳቅ ነው። መንጠቆው ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣውን ነጭ ዝልግልግ ነገር፣ የባሕር ቆሻሻ ነው ብላ፣ ቀሚሷ ላይ ስትጠርገው ኖራለች። ስንት ዓመት!

ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ የሐምዳ ፊት ግን መነጽሩ ውስጥ ይግላል። ማንም አያያትም። ኦክቶፐሷ ብቻ፣ አግድም በተሰነጠቀ ዓይኗ።

ድንጋዩን በጣቷ ገፋ አድርጋ ታግዛትና ወደ ዳር ትመለሳለች።

"የታለች?" ትላለች ኡም ዐዋድ፣ ባዶ እጇን እያየች።

"አመለጠችኝ።"

"አንቺን? ወይ ጉድ! እርጅና መጣ በይኛ! በሉ የቱና ቆርቆሮ ክፈቱ፣ ሐምዳ ዛሬ ሐምዳ አይደለችም!"

ጥላው ሥር ያሉት ሁሉ ይስቃሉ። ዐሊያ መነጽሩን እየተቀበለቻት ግራ ተጋብታ ታያታለች።

"አክስቴ፣ አሁን የሰነፎቹ ጊዜ አይደል እንዴ? ሰነፍ እንዴት አድርጋ ታመልጥሻለች?"

ሐምዳ አጎንብሳ መንጠቆዋን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ብረቱ ላይ ምንም የለም። ደግማ ትጠርገዋለች።