የእድሩ ወንበር

የእድሩ ሊቀመንበር ወንበሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወደዋል፤ እፈልገዋለሁ ማለት ግን ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ምርጫ ሲደርስ "ደክሞኛል፣ አውርዱኝ" ይላል። ሚስቱ ዘርፌ አስቀድሞ እንዳዘዛት ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ "በማርያም፣ አትተወን!" ትላለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ተከትሏት ይለምናል። እሱም ደጋግሞ እምቢ ካለ በኋላ፣ ወደ መስቀያው እንደሚወሰድ ሰማዕት ፊቱን አጨማዶ ይቀበላል።

ዘንድሮም በምርጫው ጠዋት ጋቢውን እያለበሰችው "አንተ ሰውዬ፣ የምትፈልገውን በአፍህ ብትናገር ምን አለበት?" አለችው።

"መሪ ይለመናል እንጂ አይለምንም! ይልቅ አንቺ ድርሻሽን እንዳትረሺ።"

ድንኳኑ ሞላ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ "ወገኖቼ፣ አሥራ አራት ዓመት አገለገልኳችሁ፤ ደክሞኛል፣ አውርዱኝ" አለና ልመናውን ሊሰማ አንገቱን ደፋ።

ዘርፌ ተነሳች።

"እውነቱን ነው፣ ደክሞታል፤ ይረፍ። ወንበሩን እኔ እፈልገዋለሁ።"



"እሰይ! እፈልጋለሁ የሚል ሰው አገኘን!" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን እያወጡ።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ የሚለምነውን ሰው በዓይኑ ፈለገ። በድንኳኑ ውስጥ ያልተነሳው እጅ የእሱ ብቻ ነበር።