የሚሞቀው ወንበር

ደብረ ብርሃን ክረምቷ በበረዶ ነጭ ከሆነ ወዲህ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ማሞቂያ አንድ ብቻ ነው፤ ወይ ለቤት፣ ወይ ለመኪና። ዘርፌና ባሏ ለቤታቸው አስገጠሙ። ጎረቤታቸው ሙሉነሽ ግን ሰው እያመላለሰች የምትተዳደር ናትና ለመኪናዋ መረጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርፌ ሆዷ ሲያርር ከረመ።

ቢያርርስ ምን ይገርማል! የእሷ ባል በየማለዳው በድስት ክዳን ከመኪናቸው መስታወት ላይ በረዶ ሲፍቅ ጣቶቹ በድን ይሆናሉ። የሙሉነሽ መኪና መስታወት በረዶውን ራሱ ያቀልጣል። መሪው ይሞቃል፤ ወንበሩ ሳይቀር ይሞቃል።

"ወንበር የሚሞቅላት ማን ስለሆነች ነው?" ትላለች ዘርፌ በመስኮት እያየች።

እሑድ ጠዋት፣ ለወጉ ያህል "እንኳን ደስ ያለሽ" ልትል አምባሻ ይዛ ሄደች። የቤቱን በር ብታንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ከኋላዋ የመኪናው በር ተከፈተ።

"ኧረ እዚህ ነን! ነይ ግቢ፣ በሞቴ!" አለች ሙሉነሽ።

ባሏና ልጆቿ መኪናው ውስጥ ቁርስ እየበሉ ነበር። ትራሱም ብርድ ልብሱም እዚያው ተከምሯል። ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት፤ ሙቀቱ ከወገቧ እስከ ትከሻዋ ወጣ።

ትንሿ ልጅ አምባሻውን እየገመጠች፣ "እትዬ ዘርፌ፣ እናንተ ስትተኙ እግራችሁን ትዘረጋላችሁ?" አለቻት።

"አዎ፣ የኔ ልጅ።"

"ታድላችሁ!"

ሙሉነሽ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ዘርፌ አፍራ ልትነሳ አሰበች። ወንበሩ ግን ይሞቅ ነበርና አልተነሳችም።