የሚያቃስተው ላፕቶፕ

ላፕቶፑን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ገዛበት ሱቅ ሲገባ ትዕግሥቱ ተሟጦ ነበር። ጠዋት ላፕቶፑን የሕንፃ ንድፍ እንዲያቀነባብርለት ከፍቶት ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ያገኘዋል።

«እኛ ጋ ሲሆን እኮ ምንም አይልም» አለ ሻጩ።

«ከፈለግክ እናቴን ጠይቃት! ቤት የምትውለው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ነው የሚውለው ትላለች። ይሄን የተራዘመ ዋስትና የገዛሁት ለጌጥ ነው እንዴ?» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ሻጩ ከዚህ ሰውዬ ጋር እድሜዬን ከምፈጅ ብሎ አዲስ ላፕቶፕ ሰጠው።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱን ከፍቶ ወጣ። ታክሲ ሊሳፈር ሲል ቁልፉን መርሳቱ ትዝ አለውና ተመለሰ። እናቱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሽው ሽው የሚለውን ላፕቶፕ የራሷንም የእሱንም ጋቢ ደራርባ እየጠቀለለችው ነበር።

«አይዞህ የኔ ጌታ» ትለዋለች፣ «ያንን ወንድምህን ልጄ እስኪመለስ የማለብሰው አንድ ጋቢ አልበቃው ብሎ ብርድ ጨረሰብኝ። ላንተ ግን ሁለት ደርቤልሃለሁ።»